ዳኘው

ሐሙስ ማታ ሲሆን፣ ሦስት ሰዓት ሲቃረብ፣
ሰው ይመጣል ከማራኪ፣ ሰው ይመጣል ከአንገረብ፣
መቀስ የፈለገ የለም፣ ማበጠሪያም ያሻው፣
አራዳ ጸጉር ቤቴ የሚሞላው ለፊልሙ ነው፤ ለፖሊሱ ከነውሻው።

ፖሊሱ ፈረንጅ ነው፣ ዓይኑ ውኃ የመሰለ፣
አማርኛው ግን የሸገር ነው፣ «እሺ፣ በቃ» እያለ።
ገዳዩም በአማርኛ፣ ሟቹም በአማርኛ፣
ሬሳ መርማሪው ሐኪም፣ ጠበቃውና ዳኛ፤
ሁሉም ተተርጉሞ፣ የሁሉም አፍ ዞረ፣
የውሻው ጩኸት ብቻ ሳይተረጎም ቀረ።

ሃምሳ አለቃ አዛናው ጡረታ ከወጡ
ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ አንድ ሐሙስ ሳይቀሩ መጡ።
ራሳቸው እንደ ቅል ነው፣ አንዲት ጸጉር የለው፣
«ራሰ በራ ሰው ጸጉር ቤት ምን ጉዳይ አለው?»
ይላል ባጃጅ ነጂው ጌጡ፤
ሰው ይስቃል። እሳቸው አንድ ቀን አልተቆጡ።
«ጺሜን ላጨኝ» ብቻ። ደግሞም ከአረፋው ሥር ሆነው፣
«ውሸት ነው» ይላሉ፣ «ውሻ እንዲህ አይዘልም፤ የኔ ውሻ፣ ዳኘው፣
አፍንጫውን ከመሬት ሳያነሣ ነበር የሚሄደው።»

ባለፈው ሐሙስ ታዲያ የመጨረሻው ክፍል ነበር።
ውሻው ማሰሪያውን ወጥሮ ቆሟል ከአንድ በር፤
ፖሊሱ ሽጉጡን መዘዘ፣ እጁ ከእጀታው አረፈ፣
እኔም ምላጬን ጉሮሯቸው ላይ —

መብራት ጠፋ።

«ኧረ በናታችሁ!» አንዱ «ገዳዩ ሚስቱ ናት» አለ፣
ሌላው «አለቃው ነው» ብሎ በአባቱ አጥንት ማለ።
ሻማ እስካገኝ ድረስ ሰው ተራ በተራ ወጣ፤
ሃምሳ አለቃ ከወንበራቸው፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ፣
ግማሽ ጺማቸው ተላጭቶ፣ ግማሹ በአረፋ፣
ሳልጠይቃቸው ጀመሩ፤ ድምፃቸው ጨለማው ላይ ሰፋ።

«ዳኘውን ይዤ ወጣሁ፣ ከቅዳሜ ገበያው መጋዘን፣
የዘበኛውን ሬሳ በገዛ ካፖርቱ ሸፍነን።
አሸተተ። ሄደ። አስፋልቱን ተሻገረ፣
ቀሃን በድንጋይ በድንጋይ፣ እጄን እየመነጨረ፣
ልክ እንደዚያ ውሻ ማሰሪያውን ጎትቶ
አንድ የቆርቆሮ በር ላይ ቆመ፣ ጮኸ አፉን ከፍቶ።
በሩን አውቀዋለሁ።
ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ማጠፊያውን የመታሁ፣
የእናቴ ልጅ ቤት ነው። ማሰሪያውን ሳብሁ።
‹ዱካው ጠፋ› ብዬ ፈረምሁ።

ከዚያ ወዲያ ዳኘው ከእጄ እህል አልቀመሰም፤
ስጠራው ያየኛል እንጂ ካለበት አልተላወሰም።
ስሙን እኔው ነኝ ያወጣሁለት፤ አሁን አፌን ያቃጥለዋል፣
ከሞተም በኋላ ማታ ማታ ደጅ ቆሜ
‹ዳኘው! ዳኘው!› ስል፣
ጎረቤት ውሻ የጠራሁ ይመስለዋል።»

ሻማው ጣቴ ላይ ተንጠባጠበ።
የዘበኛውን ስም አልጠየቅሁም።
ካፖርቱን አውቀዋለሁ፤ አንዱ ቁልፉ ሌላ ነው፣ ቀይ፣
እናቴ የተከለችው፤ ጓዳ ተሰቅሎ ያደግሁት እሱን ሳይ።
ገባኝ፣ ራሰ በራን ሰው ጸጉር ቤት ምን እንዳመጣው፣
ሐሙስ በሐሙስ አንገቱን ለማን ምላጭ እንደሰጠው።

መብራት መጣ። መስኮቱ ላይ የስም ዝርዝር ይወርዳል፣
ነጭ ፊደል በጥቁር፣ ሙዚቃው ያላዝናል።
በሩ ተከፍቶ ኖሯል፤ ማን እንደ ወጣ አላየን፣
ከስሞቹ ኋላ ውሻው አንዴ ጮኾ ተለየን።

ሊነሣ ሲል ትከሻውን ያዝሁት። ፎጣው እንደ ታሰረ ነው።
ዘጠኝ ዓመት «አንቱ» ያለ አፌ
ለመጀመሪያ ጊዜ፣
«ተቀመጥ» አለ። «ግማሹ ቀርቷል፤ ገና አልጨረስነው።»